የእርጎ ባክቴሪያና የደም ግፊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ወተት ሲረጋ ስለሚፈጠሩና የደም ግፊትን ይቀንሳሉ ስለሚባሉ ፔፕታይዶች ከአድማጮች ለደረሱን ጥያቄዎች የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው የሰጡት መልስ ቀጥሎ ቀርቧል።

ፔፕታይድ ምንድን ነው? ባክቴሪያውስ እንዴት ያወጣዋል?

ፕሮቲን ረጅም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ሲቆራረጥ የሚገኘው አጭር ቁራጭ ፔፕታይድ ይባላል። በላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው። ወተቱን የሚያረጉት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ለመራባት አሚኖ አሲድ ስለሚሹ፣ በሕዋሳቸው ግድግዳ ላይ ባለ ኢንዛይም ኬዚኑን ይቆራርጡታል፤ ከቁራጮቹም ሳይበሏቸው በእርጎው ውስጥ የሚቀሩ አሉ። አጓቱም ውስጥ ስለሚገኙ፣ ላዩ ላይ ያቀረረውን ቢጫማ ውኃ አትድፉት።

ማንኛውም እርጎ ግፊትን ይቀንሳል የሚባለውን ይህን ጥቅም ይሰጣል?

እኩል አይሰጥም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደም ሥርን እያጠበበ ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ኢንዛይም የሚገቱ ሁለት ፔፕታይዶችን ያገኙት፣ ኬዚንን በመቆራረጥ የታወቀው ላክቶባሲለስ ሄልቬቲከስ የተባለ ባክቴሪያ ባለበት የረጋ ወተት ውስጥ ነው። በቤታችን እርጎ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንደበዛ በጣዕሙ ማወቅ አይቻልም። ወተቱ ግን አስቀድሞ ይፈላ።

እናቴ የግፊት ክኒኗን ትታ ጠዋትና ማታ እርጎ ትጠጣለች፤ ስትለካም ወርዶላታል። ትቀጥል?

እኅቴ፣ አትቀጥል፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሟ ውሰጃት። ይህን ጥያቄ ዘወትር ስለምሰማ በዝርዝር መመለስ ይገባኛል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ ክኒኖች የሚገቱት እነዚህ ፔፕታይዶች የሚነኩትን ያንኑ ኢንዛይም ነው፤ ሰዎችም ከዚህ ተነሥተው አንዱ ሌላውን ይተካል ብለው ያስባሉ። ነገር ግን በክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን ተለክቶ የታወቀ ሲሆን፣ በኩባያ እርጎ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ የለም። በሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ቅናሽ በታየበት ጊዜ እንኳ በግፊት መለኪያው ጥቂት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነበር፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ማስረጃውን መርምሮ ፔፕታይዶቹ ግፊትን ያስተካክላሉ ለማለት አይበቃም ብሏል። አንድ ቀን ተለክቶ የወረደ ቁጥር ደግሞ መዳንን አያሳይም፤ ግፊት በቀን ውስጥም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀድሞ የተወሰደው መድኃኒትም በአንድ ጀምበር ከሰውነት አይወጣም። ግፊት ራስ ሳያሳምም፣ ሳያዞር፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የአንጎል ደም ሥርንም ያፈነዳል። እናትሽ እርጎውን ከክኒኑ ጋር ትጠጣ፤ ክኒኑን ያዘዘላት ሐኪም ሳያውቅ ግን አንዲቱንም አትተው። ወተቱም የፈላ ይሁን።

ወተት ከፈላ አይረጋም ይባላል፤ እውነት ነው?

ሲፈላ የራሱ ባክቴሪያ ስለሚሞት እርሾ ይፈልጋል። አፍልታችሁ፣ ለብ እስኪል አብርዳችሁ፣ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት። እርሾው ከጥሬ ወተት እርጎ ከመጣ የማፍላቱ ድካም ከንቱ ነው። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ማፍላትን ግን አይተካም። ወተቱ በመርጋቱ ብቻ በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፉት የብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ይሞታሉ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ስለዚህ አፍሉ።

እርጎውን ባሞቀው ፔፕታይዱ ይጠፋል?

ባክቴሪያው ይሞታል፤ እነዚያ አጫጭር ፔፕታይዶች ግን ሙቀትን ይቋቋማሉ።

ወተት ሆዴን ይነፋኛል፤ እርጎ ልሞክር?

ባክቴሪያው የወተቱን ስኳር በከፊል ስለሚበላው ብዙዎች ይስማማቸዋል፤ በጥቂቱ ይጀምሩ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። በእርጎ ልቀይረው?

በእርጎ አይቀይሩት። ኢናላፕሪል ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄደው እርጉዝ መሆንዎን ይንገሩ፣ የሚስማማዎትን ሌላ መድኃኒት ይመርጥልዎታል።