የእጅ ወዝ የጠገበ ብር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ አልጠራሁም፤ ማለቴ እንግዳው ኪሴ ውስጥ ነው። ቆይ ላሰማችሁ።

(ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ይሰማል)

ሰማችሁት? ቀጭን ነው፣ ረዘም ይላል፣ ቶሎ አይጠፋም። ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ እንዲህ ነው የሚጮኸው። የዛሬዎቹ ዝርዝር ሳንቲሞች ቷ ብለው ዝም ነው የሚሉት።

ይሄ ማርያ ቴሬዛ ነው፤ በአማርኛ ጠገራ ብር የምንለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ኖሯል። ሰልፍ ላይ ስቆም፣ ስልክ ሳወራ፣ የሚሰለች ስብሰባ ላይ ስቀመጥ እጄ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። መጀመሪያ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ትንሽ ቆይቶ ግን ከእጅ እኩል ይሞቃል፤ ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀትን በማስተላለፍ አንደኛ ስለሆነ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ኪስ ውስጥ መኖሩ ይታወቃል፣ ግን ሱሪ አያወርድም።

ላዩ ላይ 1780 ይላል። እንዳትሸወዱ። መልካቸው ያለበት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው፤ ሳንቲሙ ግን ከሞቱ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያው ዓመት እየተጻፈበት ተመታ። በቪየና ብቻ አይደለም፤ በለንደን፣ በሮም፣ በቦምቤይ ጭምር። በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያለው ነጋዴ ያንኑ መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ነበር። እቴጌዋ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁዎች አሉት፤ እነሱን ቆጥሮ ነበር የሚረከበው። እኔም በጥፍሬ እቆጥራለሁ። የእኔው ላይ ሰባት ብቻ ነው የሚገኘው። ሁለቱን ማን እንደወሰዳቸው አውራ ጣቴን ጠይቁ።

እዚህ ላይ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ራሳቸውን ይይዛሉ። አውቃለሁ። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ነው፣ ገጹ አይነካም፣ አይወለወልም፣ ከሳጥኑ አይወጣም ይሉኛል። ግማሹ እውነታቸውን ነው። እንዲያውም እኔው በራሴ ላይ ያመጣሁትን ልንገራችሁ።

አንዲት የመዳብ ሳንቲም ነበረችኝ። ስትመታ የነበራት ቀይ ቀለም እንዳለ ነበር፤ እሳት የመሰለች። ለአንድ ወዳጄ ላሳይ ብዬ ከማቀፊያዋ አወጣኋት። በጠርዟ ልያዛት ስል አመለጠችኝ፣ ልቀልባት ስል አውራ ጣቴ ፊቷ ላይ አረፈ። ጠረግ አድርጌ መለስኳት። ምንም አልታየኝም። ከወራት በኋላ ሳያት ግን አሻራዬ ቡናማ ሆኖ ታትሟል፤ መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእጅ ወዝ ውስጥ ጨውም አሲድም አለ፣ መዳብ ደግሞ ቂመኛ ነው። አሻራው አሁንም አለ። ፖሊስ ቢፈልገኝ ብዙ አይቸገርም።

ስለዚህ ሁሉም ኪስ አይገባም። ያልተነካ፣ እንደ ተመታ ያለ፣ ወይም ብርቅ የሆነ ከሆነ ይቀመጥ። ኪስ የሚገባው ድሮውኑ ብዙ እጅ ያለፈበት፣ በብዛት የሚገኝ፣ ቢጠፋ የሚያናድድ ግን የማያስለቅስ ሳንቲም ነው። ጠገራ ብር ለዚህ ምቹ ነው፤ ያን ያህል ዘመን ተመትቶ በዓለም ላይ ሞልቷል። የእኔ አውራ ጣት አንዱን ቢበላ ታሪክ አይጎድልም።

ደግሞ ብር ኪስ ሲገባ የሚያምርበት ነገር አለ። መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ በአየር ላይ ያለው ድኝ ያጠቁረዋል። ኪስ ውስጥ ግን ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ከጨርቁ ጋር እየታሸ ይነጣል፣ ጎድጓዳው እንደጠቆረ ይቀራል። የእቴጌዋ ጉንጭ ያበራል፤ የፀጉሯ ስር ጥቁር ነው። አሁን እዚህ መብራት ስር እያየሁት ነው፤ በከሰል የተሳለ ነው የሚመስለው። በፖሊሽ ብትወለውሉት ይሄ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። አታድርጉት፣ በእናታችሁ።

መዳብ ለሚወድ ደግሞ 1797 የሚል የእንግሊዝ ፔኒ አለ። በበርሚንግሃም፣ በማቲው ቦልተን ፋብሪካ፣ በእንፋሎት ማሽን የተመታ ነው። ድፍን አንድ አውንስ መዳብ! ጠርዙ ወፍራምና ከፍ ያለ ስለሆነ የጋሪ ጎማ ይሉታል። የንጉሡ ስም እዚያ ጠርዝ ላይ ወደ ውስጥ ተቀርጿል። አስቡት፣ ጎልቶ የወጣ ፊደል ቀድሞ ያልቃል፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን ጠርዙ ሳያልቅ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሳይ ሠሪው እጃችንን የሚያውቀን ይመስለኛል።

የሳንቲሞችን ደረጃ የሚለኩበት ከ1 እስከ 70 የሚሄድ ሚዛን አለ። ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1949 ያመጣው ነው። 70 እንከን የለሽ ነው። 1 ደግሞ ምን ሳንቲም እንደሆነ ለጥቂት የሚለይ፣ ልሙጥ ማለት ነው። ታዲያ 70ውን ትተው 1ን የሚያሳድዱ ሰብሳቢዎች አሉ። ብለው ብለው በየኪሳቸው ይዘው ሆን ብለው የሚያለሰልሱም አሉ። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። አሁን ሰባት ዕንቁ ይዤ በማን ልሳቅ?

አንድ ነገር ብቻ፦ ቁልፍ ካለበት ኪስ አታስገቡት። ብር ለስላሳ ነው፣ ቁልፍ ይጭረዋል። መታሸት ሌላ፣ መጫር ሌላ። የላስቲክ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ የምትፈልጉም ፒቪሲ ከሚባለው ራቁ፤ ሲያረጅ አረንጓዴ ሙጫ ነገር ይተፋል።

እና ሽታው። መዳቡን ስይዝ ዋል አደር ብሎ እጄ ላይ የሚቀር ሽታ አለ፤ ታውቁታላችሁ። የመዳብ ሽታ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ የራሴ ነው! የቆዳችን ቅባት ከብረት ወይም ከመዳብ ጋር ሲገናኝ ይፈርሳል፣ የሚሸተን ያ የፈረሰው ቅባት ነው። ሳንቲሙ ብቻውን ቢቀመጥ እንዲያ አይሸትም። ይህን ካወቅሁ በኋላ አሮጌ ሳንቲም ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ትንሽ አፍራለሁ።

እስቲ ወደ ላይ ልወርውረውና ላብቃ። ዘውድ ከሆነ በሚቀጥለው ስለ ድሮ ቁልፎች አወራለሁ፤ ጎፈር ከሆነ እናንተ ርዕስ ትልኩልኛላችሁ።

(ሳንቲሙ ወለል ላይ ወድቆ ሲንከባለል ይሰማል)

ውይ! ሶፋው ስር ገባ። ቆይ ባትሪ ላምጣ።