ባልጩቷን ከቦታዋ አታንሷት

[መክፈቻ፦ መዳፍ ላይ ያለ ጥቁር ድንጋይ በቅርበት]

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ! እስቲ ይቺን እዩልኝ፣ ጥቁር ናት፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ታብለጨልጫለች፣ ጠርዟ ደሞ ቀልድ አያውቅም። አርኪዮሎጂስቶቹ፣ መሬት ቆፍረው የጥንቱን ሰው ኑሮ የሚያጠኑት ማለቴ ነው፣ ኦብሲዲያን ይሏታል፣ እኛ ባልጩት ነው የምንላት። አትደንግጡ ቅርስ አይደለችም፣ ለማሳያ ተብላ በቅርቡ የተሰበረች ናት፣ ከመሬት ለቅሜ ባሳያችሁማ የዛሬውን ቪዲዮ እኔው ራሴ አፈረስኩት ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሳሪያና አጥንት በቁፋሮ የተገኘበት ቦታ ነው። አጠገቡ ያለ አንድ ቦታ ስሙ ራሱ ባልጪት ነው፣ ድንጋዩ እዛ ሞልቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለቱ አንድ ላይ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ነገር ነው፣ ትልቅ ህንፃ ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ፣ እኔን የሚገርመኝ ግን ከቁፋሮው አንዱን እንዳለ ትተው ከላይ ጣራ አልብሰውታል፣ ድንጋዩም አጥንቱም የተገኘበት ላይ እንደተኛ ታዩታላችሁ። ለህዝብ አርኪዮሎጂ ለማስተማር ከመቶ ፖስተር ይሄ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ለምን? ጓሮ ያለውን አመድ መድፊያ አስቡት። የትናንቱ አመድ ከላይ ነው፣ የአምናው ከስር፣ መሀል ላይ የሲኒ ስባሪ ብታገኙ ሲኒው መቼ እንደተሰበረ በግምት ትናገራላችሁ አይደል? ስባሪውን አንስቼ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥኩት ግን በቃ ስባሪ ነው፣ ወሬው አለቀ።

[ምስል፦ ጭቃ ላይ የቀረ የህፃን እግር አሻራ]

እዛው መልካ ቁንጡሬ ጎምቦሬ የሚባል ቦታ ላይ የእግር አሻራ ተገኝቷል፣ የአዋቂ አለ፣ የህፃናትም አለ፣ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሳይቀር፣ ከጎኑ ደሞ የጉማሬ ዱካ፣ የድንጋይ መሳሪያ፣ የታረደ ጉማሬ አጥንት። እናትና አባት ስጋ ሲቆርጡ ልጁ ጭቃ እየረገጠ ሲንከላወስ ይታያችሁ እስቲ! 700,000 ዓመት ገደማ ነው። ይሄ እንዴት ታወቀ ካላችሁ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ከላይ አልብሶት ስለነበር ነው፣ የአመዱ ዕድሜ በላብራቶሪ ሲለካ ከስር ያለው ከሱ እንደሚቀድም ይታወቃል። አንዱ መጥቶ ጭቃውን በአካፋ ገልብጦት ቢሆን ምንም የምናወራው አልነበረም።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰው ጉድጓድ ሲቆፈር ካየ መጀመሪያ የሚለው "ወርቅ እየፈለጉ ነው" ነው። አልፈርድበትም! የውጭ ሰው በመኪና መጥቶ መሬትህን አጥሮ ሳጥን ሞልቶ ሲሄድ ሌላ ምን ይባላል? ስለዚህ ሳጥኑን መክፈት ነው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ የትምህርት ቤት ልጆችን ጠርቶ ይኸው ድንጋይ ነው፣ ይኸው አጥንት ነው ብሎ ማሳየት፣ እነሱ የሚያውቁትንም መጠየቅ። ኮንሶ ውስጥ ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች አሉ፣ ተመራማሪዎቹ አጠገባቸው ቁጭ ብለው አጠራረቡን፣ ሲዶለድም እንዴት እንደሚሳል፣ መቼ እንደሚጣል አይተው ተምረዋል፣ እዛ ጋ አስተማሪዋ ማን እንደሆነች ግልፅ ነው መቼም።

እና እናንተ ቤት ስትሰሩ ወይ ስታርሱ የሆነ ነገር ብቅ ቢልባችሁ? አታጥቡት፣ አታንሱት፣ ቁፋሮውን እዛው ላይ አቁሙት። ፎቶ አንሱ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም አድርጉበት፣ ከዛ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ አሳውቁ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያገኘ ሰው ያሳውቅ ነው የሚለው። ሳንቲም ካጣችሁ እስክሪብቶም ይሆናል።