በአውራ ጣት የጠፋች ቀን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ላወራችሁ ነው። ሃይላንድ ውኃ ስትገዙ አንገቱ ላይ በነጠብጣብ የተሠራች ጥቁር ቀን አለች አይደል? እኔ አንድ የውኃ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ያቺን ቀን ሳትም ኖሬያለሁ።

ማሽኑ ጠርሙሱን አይነካውም። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ቀለሙ የፀጉር ውፍረት በምታህል ቀዳዳ በግፊት ይወጣል። ኖዝል የምንላት እሷን ነው። ውስጥ ያለ ክሪስታል ይንቀጠቀጥና ቀለሙን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ወደሚቆጠሩ ጠብታዎች ይቆራርጠዋል። ለቁጥሩ የሚፈለገው ጠብታ ኤሌክትሪክ ይሞላና ጠርሙሱ ላይ እንዲያርፍ መንገዱን ይስታል። ያልተሞላው ቀጥ ብሎ ወደ መመለሻው ቱቦ ይገባና እንደገና ይሠራል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሪቻርድ ስዊት ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጽፍበት ዓላማው የኤሌክትሪክ ሞገድ ወረቀት ላይ ለመመዝገብ ነበር። እኛ ውኃ ላይ ቀን ጻፍንበት።

ጠርሙሱ ደግሞ አይቆምም፣ እየሮጠ ነው የሚያልፈው። ቀለሙ በአንድ ሁለት ሰከንድ ካልደረቀ ይጨማለቃል። ውኃ የበዛበት ቀለም ፕላስቲክ ላይ አይዝም፣ ይንከባለላል። ለዚህ ነው ኤምኢኬ የሚገባው፣ ሙሉ ስሙ ሜቲል ኢቲል ኬቶን። እሱ ቶሎ ተኖ ይሄዳል፤ ቀለሙና እንደ ሙጫ የሚያጣብቀው ሬዚን ይቀራሉ። ማሽኑ ውስጥ ሲዞርም ስለሚተን ቀለሙ ይወፍራል። ስለዚህ ሜካፕ የሚባል ማቅጠኛ በየጊዜው እንጨምርለታለን።

ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት ነው። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ላይ እንኳ በእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ክረምት ሲሆን ብርድ ይገባል ተብሎ መስኮቱ ይዘጋ ነበር። ሺፍቱ ሲያልቅ ራሴን ይዞኝ እወጣ ነበር። ምሳ አልበላሽም ይሉኛል። ምሳማ በልቻለሁ። አየር ነው ያጣሁት። እዚያ ቦታ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ መስኮት አስከፍቱ፣ የአየር ማውጫ ጠይቁ። አትፈሩ።

እና አንድ ሐምሌ ላይ ሰፈሬ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጋሼ የት እንደምሠራ ያውቃሉ። ከእኛው ውኃ አንዱን አነሱና ቀኑን በአውራ ጣታቸው አሹት። ጠፋ። ጣታቸው ጠቁሮ ቀረ።

«ልጄ፣ ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምሸጠው?» አሉኝ።

ተቆጥተው አልነበረም፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ውኃው ንጹሕ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እሳቸው ግን በምን ያውቃሉ? ያላቸው ማስረጃ ያቺ ቀን ብቻ ናት።

በማግስቱ ላይኑ ላይ፣ ማለትም ጠርሙሱ የሚያልፍበት መስመር ላይ፣ ቆሜ አየሁ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ክፍሉ እርጥበት አለው። ጠርሙሱ ያልበዋል። ከማተሚያው በፊት አየር እየነፋ የሚያደርቀው ቱቦ ተጣሞ ወደ ጎን ይነፋል። ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ላቡ ላይ ነበር የሚያርፈው። በዓይን ስታዩት ጥርት ያለ ነው። እኔም በዓይኔ ብቻ እያየሁ አሳልፌዋለሁ፣ ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል። ቱቦውን ለማቅናት አንድ መፍቻና ዐሥር ደቂቃ በቃን።

ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጠርሙስ እያነሳሁ በአውራ ጣቴ አሸው ጀመር። ከማተሚያው እንደወጣ ሳይሆን ትንሽ ቆይቼ፣ ጠንከር አድርጌ። ከጠፋ ላይኑ ይቁም እላለሁ። ሱፐርቫይዘሩ መጀመሪያ ደስ አላለውም ነበር።

ለጋሼም ሄጄ ነገርኳቸው፣ የጠፋባቸውንም አስቀየርኩላቸው። አዲሱን ጠርሙስ አሹት፣ ደግመው አሹት። አልለቀቀም። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አነበቡና «ይሄ ቀን በእኛ ነው በፈረንጅ?» አሉኝ።

በፈረንጅ ነበር። ወረቀት አውጥተን አብረን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስነው። የሚያበቃበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።