ቁልፉ በጠዋት ሲያንቃጭል

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ታዳሚዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ አጋሮቼ፤

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መጋረጃው ሲገለጥ የምታዩት ሞት የተፈረደበት ሰው ነው። በልምምዱ ወቅት ተዋንያኑ ‹‹መቼ ነው የሚገደለው?›› እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁኝ፣ መልሴ ‹‹እሱም አያውቅም›› የሚል ነበር። ተውኔቱ የቆመውም በዚህች መልስ ላይ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ካልጸና በቀር እንዳይፈጸም፣ በአደባባይ በስቅላትም እንዳይሆን ይከለክላል። ደግ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም በይፋ የሚታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፍርድ ቤቶች ግን ከዚያም ወዲህ ሞት መፍረዳቸውን አላቆሙም፤ በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች አማልደው የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እስኪለወጥ ድረስ እነዚያም ሰዎች ዓመታትን የቆጠሩት ፊርማ እየጠበቁ ነው። ፍርደኛው በየማለዳው ጫማ ሲሰማ ‹‹ዛሬ ይሆን?›› ይላል፤ ይህ በየትኛውም አንቀጽ ያልተጻፈ ቅጣት ነው።

የተውኔታችን እናት ከዘጌ በጀልባ ተሳፍራ፣ የጓሮዋን ቡና ቆልታ፣ ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ስንቁን የሚቀበላት ወጣት ጠባቂ መጀመሪያ እንጀራውን አንድ በአንድ እየገለጠ ይፈትሽ ነበር፤ ውሎ አድሮ ‹‹እማማ›› ይላት ጀመር፣ ቡናውንም ከፍርደኛው ጋር ይጠጣል። ትእዛዙ ቢመጣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። እዚያ ትዕይንት ላይ ስንደርስ ልምምዱን አቋርጠን ዝም ብለን የተቀመጥንበት ቀን አለ።

የሟችን ወገን ረሳችሁ የሚለን አይጠፋም፤ ደም አድራቂ ሽማግሌ ባለበት በዚህ አገር፣ የሟች ወገን ያልተቀመጠበት እርቅ እርቅ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሟች እኅት የምትወጣው በሁለት ትዕይንት ብቻ ቢሆንም፣ ለመጻፍ ከሁሉ የከበደኝ የእርሷ ቃል ነበር፤ የገዳዩን ሞት ትፈልጋለች፣ እሱን ስትጠብቅም ጠጉሯ ሸበተ፤ ‹‹እኔንም አብራችሁ አሰራችሁኝ›› ትላለች። አልከራከራትም፤ እናንተም ስሟት።

ገመድ በመድረኩ ላይ አታዩም። የምትሰሙት የቁልፍ ማንቃጨል ነው፤ በየትዕይንቱ መክፈቻ አንድ ጊዜ። አሁን መብራቱ ይጠፋል።