ቢጫ አበባ ሁሉ ድግጣ አይደለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ ሰዓታችን ድግጣ ስለሚባለው ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደወላችሁ በዛችሁ። መልሶቹን በጽሑፍ እነሆ።

ከሱሉልታ፦ ለላሞቼ ትሪ ሉሰርን ነው ተብዬ ችግኝ ተከልኩ። አድጎ ቢጫ አበባ አወጣ። ጎረቤቴ «ይሄ እኮ ድግጣ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው?

ወንድሜ፣ ጎረቤትዎ ልክ ሳይሆን አይቀርም። የትሪ ሉሰርን አበባ ነጭ ነው። አበባ ባይኖረው እንኳ ቅጠሉ ይለየዋል። ትሪ ሉሰርን ከአንድ የቅጠል ዘንግ ላይ ሦስት ትናንሽ ቅጠሎች ብቻ ያወጣል። ድግጣ ግን ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ ቅጠሎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ጥንድ ይሆናሉ። ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ለብቻው ይቆማል። ቆጥረው ያረጋግጡ።

ሁለቱም ከአተር ቤተሰብ ናቸው። የአተር ቤተሰብ ሆነ ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም። ድግጣ ውስጥ አልካሎይድ የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉ። እባክዎ አጭደው ለላም እንዳይሰጡ።

ከቡራዩ፣ ተማሪ ነኝ፦ ድግጣ አተርን በምን ይመስላል? እኔ ምንም አይታየኝም።

አበባው ላይ ነው የሚታይሽ፣ እህቴ። ከቅርንጫፉ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከወረደው ዘለላ አንድ አበባ ቀጥፈሽ መዳፍሽ ላይ አድርጊ። አምስት የአበባ ቅጠሎች አሉት። ሰፊው ከላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለቱ ግራና ቀኝ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ከታች ተገጣጥመው እንደ ታንኳ ሆነዋል። የጓሮ አተርም አበባ የተሠራው እንዲሁ ነው።

አሁን ታንኳዋን በጥፍርሽ ቀስ አድርገሽ ክፈቻት። የወንዴ ዱቄት ጫፋቸው ላይ የያዙ አሥር ቀጫጭን ክሮች ታገኛለሽ። አተርና ባቄላ ላይ ዘጠኙ ከሥር ተጣብቀው ቱቦ ይሠራሉ፤ አሥረኛው ብቻውን ይቀራል። ድግጣ ላይ ግን አሥሩም የተለያዩ ናቸው። ለእኔ ከአበባው ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። የቤተሰቡ መልክ አለው፣ ውስጡ ግን የራሱ ነው።

ፍሬውንም አትለፊው። ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ ጠርዙ በኩል ጠበብ ያለ ክንፍ አለው። ባቄላ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ያፈሳል። ድግጣ አይሰነጠቅም።

ከለገጣፎ፦ በየአጥሩ ያለው ቢጫ አበባ ሁሉ ድግጣ ነው?

አይደለም። ሰና የሚባሉት ተክሎችም ቢጫ ያብባሉ፤ እነሱም የአተር ቤተሰብ ናቸው። አበባቸው ግን የተዘረጋ ነው፣ ታንኳ የለውም። አደይ አበባማ ጭራሽ ሌላ ቤተሰብ ነው።

ከሰንዳፋ፣ እናት፦ ጥጃዬን ቅማል ፈጀው። እናቴ ድሮ በድግጣ ቅጠል ታጥብ ነበር። ይሠራል?

እማማ፣ እናትዎ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። በብዙ የአገራችን አካባቢ ቅጠሉን ወቅጠው ከብት ያጥቡበታል። በላቦራቶሪም የቅጠሉ ጭማቂ መዥገርን እንደሚያደክምና እንደሚገድል ታይቷል። በአንዳንድ ቦታ ዓሣ ለማደንዘዝ ወንዝ ውስጥ ይጨምሩታል። ኃይሉን ከዚህ ይገምቱ።

ስለዚህ ዓይን፣ አፍና ቁስል አጠገብ አያድርሱት። እናቲቱ ላም ጥጃዋን ትልሳለችና እስኪደርቅ ለይተው ያቆዩአት። ጥጃው በጣም ትንሽ ወይም የታመመ ከሆነ ግን የእንስሳት ሐኪም ይቅደም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለሚያሳስበኝ። ውሻ ለነከሰው ሰው ድግጣ የሚያጠጡ አሉ። ተዉ! ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። የሚያተርፈው በጊዜ የተወሰደ ክትባት ነው።

ከሆለታ፦ ለውበቱ ግቢዬ ጥግ ላይ ልተክለው ፈልጌ ነበር። እንዴት ላብቅለው?

ጥሩ አስበዋል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሜትር ነው የሚያድገው፤ እሾህም የለውም። ልጆችና ከብት የማይደርሱበትን ጥግ ይምረጡለት። ዘሩን ከደረቀው ፍሬ በእጅዎ ፈልፍለው ያውጡ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ማታ ትኩስ ውሃ ውስጥ ይንከሩትና ጠዋት ይዝሩት።