በአንድ አካውንት ስንት ሰው ይገባል?

(በደሴ ለተሰበሰቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የመረጃ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ አለይኩም። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ በጠዋት ተነስታችሁ ለመጣችሁ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

የማወራችሁ ስለ ሎግኢን ነው። በእኛ ቢሮ የተረጂዎችን መዝገብ የምንይዘው ሴልስፎርስ በሚባል ኩባንያ የኢንተርኔት ሲስተም ነው። ኩባንያው ከጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፓስወርድ ብቻውን አይበቃም፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ለምሳሌ ስልክ ላይ የሚታይ ኮድ) ይኑር ብሎ ከደንበኞቹ ጋር ባለው ውል ውስጥ አስገባ። ቀኑን ልብ በሉት። ደሴ ከጦርነቱ ከወጣች ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር። ቢሮ ተመልሰን ስንገባ በሩ ተሰብሯል፣ ኮምፒውተሮቹ የሉም። ብሮውዘሩ ላይ ሴቭ ያደረግነው ፓስወርድም አብሯቸው ሄዷል። የማን ፓስወርድ? የሁላችንም። ስድስት ሰው የምንገባው በአንድ አካውንት ነበር።

መዝገቡ ምን እንደያዘ ታውቃላችሁ። ከቤቷ የተፈናቀለች እናት ስም፣ የልጆቿ ቁጥር፣ የተጠለለችበት ቦታ፣ ስልኳ። ያን ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚያ እናቶች አምነው የነገሩን አደራ ነው፤ ማን እጅ እንደገባ ግን መናገር አልቻልኩም።

በጋራ መግባቱ ከየት መጣ? ኩባንያው ለእንደኛ ዓይነት ድርጅቶች 10 ላይሰንስ፣ ማለትም ለአንድ አንድ ሰው የሚሆን የመግቢያ ፈቃድ፣ በነጻ ይሰጣል። 11ኛው ሠራተኛ ሲቀጠር «ለጊዜው በእኔ ግባ» ይባላል። ጊዜው ዓመት ይሆናል። ሁለተኛው ማረጋገጫ ሲመጣ ይሄ ልማድ ተጋለጠ። ኮዱ ያለው በአንድ ሰው ስልክ ላይ ነው። ያ ሰው ለመስክ ደላንታ ከወጣ ቢሮው ሥራ ይፈታል። ብዙ ሰው «ኮዱ አስቸገረን» ሲል እሰማለሁ። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ያስቸገረን ማን እንደሚገባ ሳናውቅ መኖራችን ነው።

ስለዚህ አብሽሩ፣ ሴቲንግ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። በዚህ ሲስተም ማን ማን ይገባል? አንድ በአንድ ጻፉ። የለቀቁትንም ጻፉ። እኛ ስንጽፍ ከሄደ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ አካውንቱ ክፍት ሆኖ አገኘነው። እሱን ስንዘጋ አንድ ላይሰንስ ተረፈን።

ከዚያ ሰዎቹ በየዓይነታቸው ይለያሉ። በስክሪን የሚገባ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ግዴታው ይመለከተዋል። ቢሮ ተቀምጦ መግባት ወይም የቢሮውን ኔትወርክ መጠቀም ብቻ ከግዴታው አያወጣም። በቢሮው የጉግል ወይም የማይክሮሶፍት አካውንት በኩል የምታልፉ ከሆነ ሁለተኛው ማረጋገጫ እዚያው መግቢያው ላይ ይደረጋል፤ ሁለት ጊዜ መጠየቅ የለባችሁም።

በፖርታል፣ ማለትም ለውጭ ሰው በተከፈተ መግቢያ፣ የሚገቡ አጋሮች፣ ለምሳሌ የወረዳ ተወካይ፣ በኩባንያው ግዴታ ውስጥ የሉም። እኔ ግን የሰው ስም የሚያይ ሁሉ ኮድ ይኑረው እላለሁ። ግዴታ ስላልሆነ ብቻ አትተዉት።

ሰው ያልሆነ ተጠቃሚም አለ። ከመስክ በስልክ የሚሞላው ቅጽ ወደ መዝገቡ የሚገባው ለፕሮግራም በተከፈተ አካውንት ነው። ፕሮግራም ስልክ አውጥቶ ኮድ አያይም፤ ስለዚህ ግዴታው አይነካውም። አደጋው እዚህ ጋ ነው። ኮድ የማይጠይቅ አካውንት እንዳለ ያወቀ ሠራተኛ በእሱ መግባት ይጀምራል። ያ አካውንት በስክሪን እንዳይገባ ዝጉት፤ ማየት ያለበትን ብቻ ይይ።

አድሚኖች፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስተዳድሩት፣ ሁለት ይሁኑ። አንዱ ቢቆለፍበት ሌላው ይከፍትለታል።

አሁን በጣም የምጠየቀውን ልመልስ፦ «በኤስኤምኤስ ቢመጣልንስ?» ኩባንያው ኤስኤምኤስና ኢሜይልን አይቀበልም። ሲማችሁን ሌላ ሰው በስማችሁ ሊያወጣው ይችላል፣ ኢሜይልም ይሰረቃል። የሚቀበለው የኦተንቲኬተር አፕ (ስልክ ላይ ተጭኖ የሚገባው ሰው እናንተ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ)፣ ዩኤስቢ የምትመስለዋን ሴኪዩሪቲ ኪ፣ ወይም በላፕቶፑና በስልኩ ላይ ያለውን የጣት አሻራና የፊት መለያ ነው። ባለ በተን ስልክ ለያዘ ባልደረባ ቁልፏን ግዙለት። ስማርት ስልክ ግዛ አትበሉት።

ከአፖቹ መካከል ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ የሚያወጣውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ የኖርነው ነው። በ2015 ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ፣ በቢሮ መስመር ኢንተርኔት ባገኘን ቀን እንኳ ሌላው ዓይነት አፕ ስልኩ ላይ የሚልከው «አጽድቅ» የሚለው መልእክት አልመጣ አለ። ባለ ስድስት አሃዙ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። በመጀመሪያ ምዝገባ ላይ ከተቀበለው ምስጢራዊ ቁልፍና ከስልኩ ሰዓት ተነስቶ በየ30 ሰከንዱ ራሱ ያሰላዋል።

ሰዓት ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በንብረት ክፍል ጋሼ የምንላቸው ባልደረባ አሉን። ኮዱን ሦስት ጊዜ አስገብተው እምቢ አላቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኔን አልወደደኝም» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ሳይ ጠዋት ነው፣ ሰዓቱ 3:20 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ስልኩ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ መስሎታል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት 720 ኮድ መራቅ ነው። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መለስኩት፤ ወዲያው ገቡ። የሐበሻ ሰዓት ለለመደ፣ የስልኩን ሰዓት ሳይነካ ለብቻው የሚያሳይ አፕ አለ። እባካችሁ በየቢሯችሁ መጀመሪያ ይሄን እዩ። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ እኛ ያዞረ አለና ቀኑንም አረጋግጡ።

ጋሼ ሌላም ጠይቀውኛል፦ «ቢሮው በዚህ አፕ ስልኬን ያያል?» አያይም። አፑ ኮድ ያሰላል እንጂ መልእክትና ፎቶ ለቢሮው አያሳይም። ሠራተኞቻችሁ ይህን ጥያቄ አፍረው ላይጠይቁ ይችላሉ። እናንተ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስልክ ሲጠፋስ? እያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ሁለት ዓይነት ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ አፑንም ቁልፏንም፣ ያስመዝግብ። ያ ካልሆነ አድሚኑ ከ1 እስከ 24 ሰዓት የሚያገለግል ጊዜያዊ ኮድ ማውጣት ይችላል። ግን በቴሌግራም «ስልኬ ጠፋ፣ ኮድ ላክልኝ» ለሚል ጽሑፍ ፈጽሞ አትስጡ። ደውሉ። ድምፁን ስሙ። ከተቻለ አካሉን አይታችሁ ስጡ።

ከሻይ በኋላ ከጎን ባለው ክፍል ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናስመዘግባለን። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን። በሻዩ ሰዓት ስማቸውን ጽፋችሁ ጨርሱልኝ።