ናስ ለማጥራት በርሜሉ ውስጥ ምን እንጨምር?

እሺ ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? አከም ጅርቱ? ዛሬም ከጅማ፣ ከግቢያችን ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁን ቻሉኝ። ሐምሌ ነው፣ ጅማ ነው፤ ምን ይደረግ።

የሚሽከረከረውን በርሜል ባለፈው ሠርተናል። ያላያችሁ ሂዱና እዩት፣ አልደግመውም። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። ናሱ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ አብሮት የሚዞረው መፈተጊያ ምን ይሁን? ናሱን የሚያጠራው እኮ በርሜሉ አይደለም። መፈተጊያው ነው። በርሜሉማ ሥራው መዞር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ስለዚህ ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ቪዲዮ አብዛኛው የአሜሪካ ተኳሾች ነው። የተኮሱበትን ቀለሃ ይለቅማሉ፣ ያጸዳሉ፣ መልሰው ይሞሉታል። እኛ ጋ ይሄ የጓሮ ሥራ አይደለም፤ የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ አለ። «ጥይት እንዴት ይሞላል» እያላችሁ ኮሜንት የምትጽፉ፣ እባካችሁ አታስይዙኝ፣ ልጆች አሉኝ። እኛ የምናጠራው የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ መስቀል፣ ዶቃ ነው። እንጦጦ አካባቢ ከቀለጠ ቀለሃ የሚሠሩትን ዶቃዎች አይታችኋል አይደል? ናሱ ያው ናስ ነው። መፈተጊያን በተመለከተ ደግሞ ከነዚያ ተኳሾች በላይ የለፋበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እሺ። ሁለት መንገድ አለ፣ ደረቅና እርጥብ። ይሄን ለጅማ ሰው ማስረዳት እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ቡና ነዋ!

ቡና ሲዘጋጅ ያልታጠበ አለ፣ የታጠበ አለ። ያልታጠበው ቀዩ ፍሬ ይለቀምና የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ከነልብሱ ይደርቃል። ጀንፈል ይሆናል። ከዚያ ይፈለፈላል። ውኃ የለ፣ ገንዳ የለ። ፀሐይና ትዕግሥት ብቻ። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። የታጠበው ደግሞ፣ ሊሙዎች የሚኮሩበት፣ ፍሬው በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ይገባል። ይፈለፈላል፣ ይብላላል፣ ይታጠባል። ጥርት ብሎ ይወጣል። ግን ውኃ ይበላል፣ ብዙ ውኃ። የተረፈው ቆሻሻ ውኃስ የት ይደፋ? ወንዝ ውስጥ? የታችኛው ሰፈር ሰው ይምጣና ይንገራችሁ። ከታጠበ በኋላ ደግሞ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። አልጋው ሥር ቆሞ ማገላበጥ፣ ማገላበጥ፣ ደመና ሲያንዣብብ ሸራ ይዞ መሮጥ። ቡና ቤት ያደገ ልጅ ያውቃታል ይቺን ሩጫ። ቡና ቤት ስል ቢራ ያለበትን አይደለም።

ናስም ልክ እንደዚሁ ነው። ደረቁ ቀርፋፋ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አቧራ አለው። እርጥቡ ፈጣን ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ያጸዳል። ግን የቆሸሸ ውኃ አለው፣ ማድረቅ አለው። ካላደረቃችሁት ነጠብጣቡ ናሱ ላይ ታትሞ ይቀራል። ጎማ ወረዳ ቡና ያለው አጎት አለኝ። «የትኛው ቡና ይሻላል?» ብትሉት «ገዢው ማነው?» ነው መልሱ። የናሱንም እንደዚያው ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ሥራው። ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ደረቅ ከሆነ የበቆሎ ቆረቆንዳ። የዋልነት ቅርፊት ከሱ ይልቅ ይፈትጋል፣ በጣም ለጠቆረ ናስ ጥሩ ነው፣ ግን ጅማ ገበያ ላይ ፈልጉትና ንገሩኝ። ሩዝም ይሠራል፤ ሩዝ በዚህ ዋጋ? እርጥብ ከሆነ ከማይዝግ ብረት የተቆራረጠ ሽቦ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ገደማ፣ ርዝመቱ 6 ሚሊ ገደማ። ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ቁንጥር ሲትሪክ አሲድ። እርጥቡ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይበቃዋል፣ ደረቁ ከዚያ በላይ ይቆያል። በርሜሉን አታጭቁት። ቀስ ብሎ ይዙር፤ ከፈጠነ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይዞራል እንጂ አይፋተግም። አለቀ።

ቆረቆንዳው ላይ ግን ልቆይ፣ እሱ የኛ ነው። (ካሜራውን ወደ እጄ አምጣው) አያችሁ፣ ስትሰብሩት መሃሉ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ ነው። እሱ አይጠቅመንም። ዙሪያውን ያለው ቀለበት ግን እንጨት ነው፣ ጥፍር አይበግረውም። የምንፈልገው እሱን ነው። በደንብ ይድረቅ፣ ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡት፣ በሰፌድ አንፍሱት። ቀላሉ ይበራል፣ ከባዱ ይቀራል። ከዚያ በወንፊት ዱቄቱን አውጡለት። ወፍጮ ቤት ግን አትውሰዱት፤ ባለቤቱ ቢያባርራችሁ እኔ ከሱ ጋር ነኝ።

መጠኑ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቀለሃ ውስጥ፣ ከቂጡ በኩል፣ እሳቱ የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች። ስፋቷ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ገደማ ነው። 2 ሚሊ ፍርፋሪ ካስገባችሁ ሄዳ ትሰነቀራለች። ከዚያ በመርፌ አንድ በአንድ መንቀስ ነው። ዶቃም ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን ለኩ፤ ፍርፋሪው ወይ በደንብ ይነስ ወይ በደንብ ይብለጥ።

አሁን ኮሜንት። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ሰው «በርሜል ምን ያደርጋል? ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርኩት፣ ጠራ። ግን ቀይ ሆነብኝ። ለካ መዳቡን ናስ ነው ብሎ ሸጦልኛል፣ ይሄ ሌባ!» አለ። ከሥሩ «እኔም»፣ «እኔም»። አንዱ ጭራሽ «ወርቁ ነው የወጣው» ብሏል። ወንድሜ፣ ወርቅ ቢወጣ እኔ እዚህ ላይክ እለምናለሁ? በነገራችን ላይ፣ ላይክ።

ሻጩን ተዉት፣ አላታለላችሁም። ናስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው። ለቀለሃ የሚሆነው ናስ 70 ከመቶው መዳብ፣ 30 ከመቶው ዚንክ ነው። ኮምጣጤ አሲድ ነው፤ አሲድ ደግሞ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩን ነው። ከላዩ ላይ ዚንኩ ሲሄድ መዳቡ ብቻውን ይቀራል፣ መዳብ ደግሞ ቀላ ያለ ነው። ይኸው ነው። የሄደው ቆሻሻው ብቻ አይደለም፣ ከዕቃውም ትንሽ ሄዷል። ላይ ላዩን ከሆነ በርሜሉ ፈትጎ ይመልሰዋል። ተዘፍዝፎ ከከረመ ግን ናሱ ይዳከማል። ቁንጥር ያልኩት ለዚህ ነው። ቁንጥር! ማንኪያ አላልኩም፣ ሲኒ አላልኩም።

ከኮምጣጤ የባሰው አሞኒያ ነው። አንዳንድ የብረት መወልወያ ፈሳሽ ውስጥ አለ፣ ጀርባውን አንብቡ። እንግሊዞች ህንድን በሚገዙበት ዘመን ዝናቡ ሲገባ ጋጣ አካባቢ የተቀመጠ ጥይት ቀለሃው በራሱ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ማንም አልነካው። ከፈረሱ ሽንት አሞኒያ ይነሣል፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ቀለሃው ደግሞ ሲሠራ በተሳበበት ውጥረት ውስጡ ተወጥሯል። ሦስቱ ሲገናኙ ይሰነጠቃል። ነገሩ በደንብ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የኛን ክረምት ደግሞ እየሰማችሁት ነው፣ ቆርቆሮው ላይ።

አሸዋ ላላችሁት፦ አይሆንም። ናስ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ገደማ ነው፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7። ይቧጭረዋል እንጂ አያበራውም። ብናኙም ለሳንባ ጠላት ነው።

የኔ ምርጫ? ለልሙጥ ዕቃ ቆረቆንዳ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ጉድጓድና ቅርጽ ላለው፣ እንደ መስቀል፣ ሽቦውና ውኃው። የተተኮሰ ቀለሃ የምታጠሩ ዶቃ ሠሪዎች ግን ሁልጊዜም እርጥቡን ያዙ። የጥይት ማቀጣጠያ ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት፣ በደረቁ መንገድ አቧራውን ትምጉታላችሁ። ጓንት አድርጉ፣ ውኃውን ጎመኑ ላይ እንዳትደፉት። ያልተተኮሰ ጥይት ደግሞ በርሜሉ አጠገብ አይድረስ፣ በቃ።

ሲያልቅ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፣ ሽቦውን በወንፊት ለዩ፣ ናሱን ፎጣ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አንከባልሉና ነፋስ ያለበት አስጡት። የእንጀራ ምጣድ ላይ ላድርቀው ያልከኝ ልጅ፣ ምጣዱ የእናትህ ነው፣ ተወው። ጠርቶ እንዲቆይ ሰም እንዴት እንደሚቀባ በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እስከዚያ አድርጉ።